ባል «መኪናው ተሸጧል» ሲል፦ አዳማ ላይ የግል መርማሪ ቀጥሬ ያየሁት

የግል መርማሪ ሲባል አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚመጣለት አንድ ነገር ነው። ባል ከሌላ ሴት ጋር ሆቴል ሲገባ ተደብቆ ፎቶ የሚያነሳ ሰው። እኔ የቀጠርኳቸው ሰው ያገኙልኝ ሴት አይደለም፤ አይሱዙ ነው። ይህን የምጽፈው ትዳራቸው ፍቺ ላይ ደርሶ ንብረት እየተሸሸገባቸው ላሉ ሰዎች ነው፤ በተለይ ደግሞ ንብረቱ ሁሉ በባል ስም ለሆነባቸው ሴቶች። ምን እንደሠሩልኝ፣ ምን አልሠራም እንዳሉኝ፣ ስንት እንዳስወጣኝና የት ላይ እንዳስከፉኝ እናገራለሁ።

የመርማሪውን ስም አልጽፍም። ፊታቸውና ስማቸው ከታወቀ ሥራቸው አለቀ ማለት ነው። የባለቤቴንም ስም አልጽፍም። የልጆቼ አባት ነው።

ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለችኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅመም፣ በጾም ጊዜ ደግሞ ሱፍና ተልባ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ሹፌር ነው። ስንጋባ የሚነዳው የሰው መኪና ነበር። ቆይተን የራሳችንን ኤፍኤስአር አይሱዙ ገዛን። ቅድሚያ ክፍያው ላይ የእኔ የዕቁብ ብር አለበት። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ አዲስ አበባ ያራግፋል። ሊብሬው በእሱ ስም ወጣ። በማን ስም ይሁን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ቤቱ አንድ ነው፣ ኪሱም አንድ ነው።

ባለፈው ዓመት ልብሱን ጠቅልሎ ወጣ። ልጆቹ እኔ ጋ ቀሩ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ፊት «መኪናው ተሸጧል፣ ብሩም ለዕዳ ሄዷል» አለ። የምን ዕዳ? ለማን? መልስ የለም። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ብዙ ደክመውልናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ። ግን ሽማግሌ የተነገረውን ይሰማል እንጂ መቂ ወርዶ መኪና አይፈልግም።

ከዚያ ጠበቃ ያዝኩ። ጠበቃዬ ወጣት ናት፣ ጎበዝ ናት። «ሸጥኩ ካለ ለማን እንደሸጠ ያሳይ ብለን መከራከር እንችላለን» አለችኝ። «ግን መኪናው ዛሬ ማን እጅ እንዳለና ምን እየሠራ እንደሆነ ካወቅን ሥራችን በግማሽ ይቀላል።» መርማሪውን ያገናኘችኝም እሷ ናት።

ሰውየው ጡረታ የወጡ የፖሊስ መርማሪ ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ዝምተኛ፣ ኮፍያ የማይለያቸው። መንገድ ላይ ቢያልፉ ዞር ብላችሁ የማታዩአቸው ዓይነት ሰው ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። ቢሮ የላቸውም። ይህ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ነው። በስልክ ስናወራ ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ካፌ እንገናኝ አሉኝ። እንቢ አልኩ። አዳማ ከተማው ሰፋ እንጂ ሰዉ ይተዋወቃል። ከባሏ የተለየች ሴት ከማይታወቅ ወንድ ጋር ካፌ ተቀምጣ ከታየች ማታውኑ ወሬው አማቷ ቤት ይገባል። ከዚያም አልፎ ችሎት ላይ ይነሳባታል። እሳቸው የሰው ምስጢር የሚይዙ ሆነው ይህን እኔ ልነግራቸው አይገባም ነበር። የሴት ደንበኛ የሚቀበል ሰው ይህን ቀድሞ ማሰብ አለበት። ቢሆንም ሳይከራከሩ ተቀበሉኝ። ከዚያ በኋላ የተገናኘነው ሁልጊዜ ጠበቃዬ ቢሮ፣ እሷ ባለችበት ነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ስንገናኝ ስለ ባለቤቴ ጠባይ ምንም አልጠየቁኝም። ወረቀት አውጥተው «እህቴ፣ ዳኛው እንዲያውቅልሽ የምትፈልጊው ነገር ምንድነው?» አሉኝ። መኪናው ተሸጧል ወይስ አልተሸጠም አልኳቸው። ጻፉት። «ሌላስ?» ገቢ የለኝም ይላል፣ እውነት ገቢ የለውም ወይ? ጻፉት። «ሌላስ?» ሌላ የለኝም አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ሌላው ሰው ቀድሞ የሚጠይቃቸውን ነገር ስላልጠየቅኳቸው ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ስለ ሴት ያልጠየቅኩት ስለማያመኝ አይደለም። ወሬው ሳልጠራው ሱቄ ድረስ ይመጣ ነበር። ግን ጠበቃዬ አስቀድማ ነግራኛለች። ፍቺ ለመጠየቅ የባልን ጥፋት በፎቶ ማስረዳት ግድ አይደለም። አንዱ ወገን ብቻውን ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ዝሙት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 652 ላይ አለ፣ የሚያስከስሰውም ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው፤ ያ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሌላ መንገድ ነው። ያለኝ ብር ትንሽ ነው። ያን ብር ሆቴል በር ላይ ለሚያድር ካሜራ ባወጣው ልጆቼ ምን ያገኛሉ? መኪናው ግን የልጆቼ ደብተርና ጫማ ነው። እህቶቼ፣ ንዴታችሁ እውነት ነው፣ ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። ብሩን ግን ዳኛ በሚጠይቀው ነገር ላይ አውሉት።

ወደ ሥራው ልመለስ። ከመጀመራቸው በፊት አላደርግም ያሉኝን ነገሮች ዘረዘሩ። ስልክ አልጠልፍም። ሰው ግቢ ውስጥ አልገባም። መኪና ላይ ተደብቆ የሚለጠፍ መከታተያ አላስርም። ባንክ ውስጥ ሰው አለኝ ብዬ የሒሳብ መረጃ አላወጣም። ልጆችን አልጠይቅም። የመጨረሻዋ ልቤን ነካችው፤ የእኔ ትልቁ ልጅ አባቱ የት እንደሚያድር ያውቃል፣ ዘመድ ሁሉ እሱን ነበር የሚመረምረው።

ስለ ስልኩ ያነሱት በምክንያት ነው። ከእሳቸው በፊት አንድ ሞባይል የሚጠግን ልጅ በ6,000 ብር ባለቤቴ ስልክ ላይ አፕ ልጭንልሽ፣ ሜሴጁን ሁሉ አንቺ ስልክ ላይ ታነቢዋለሽ ብሎኝ ነበር። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ እንዳታደርጊው» አሉኝ። የሰው ደብዳቤ፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው። ያለ ፈቃድ የሰው ስልክ ውስጥ መግባትና ግንኙነቱን መጥለፍ ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያስቀጣል። ሚስት ነኝ ማለት ፈቃድ አይሆንም። ንብረቷን ፍለጋ የወጣች ሴት ተከሳሽ ሆና ትቆማለች ማለት ነው። ይህን በደንብ አድርጌ የምጽፈው እንዲህ ዓይነት «አገልግሎት» የሚሸጡ ልጆች በየቴሌግራሙ ስለበዙ ነው።

ስለ ሥልጣናቸውም ግልጽ ነበሩ። አንድ ጊዜ ፖሊስ ነበሩ ማለት ዛሬ ፖሊስ ናቸው ማለት አይደለም። ማንንም ማስቆም፣ መፈተሽ፣ ሰነድ አምጣ ማለት አይችሉም። የሚችሉት ማንም ዜጋ አደባባይ ላይ ቆሞ ማየት የሚችለውን ማየት፣ መመዝገብና ችሎት ቀርቦ መመስከር ነው። የንግድ ፈቃዳቸውን አሳይተውኛል፤ የማማከር ሥራ የሚል ነው። በሁለት ገጽ ውል ተፈራረምን።

እኔ የሰጠኋቸው የሊብሬውን ኮፒ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ወረቀትና ከልጆቹ ጋር መኪናው ፊት ቆመን የተነሳነውን አንድ ፎቶ ነው። ኮፒዎቹ የተረፉት ልጄ የትምህርት ቤት ፋይል ውስጥ ስለከተታቸው ነው። ባለቤቴ ሲወጣ ዋናውን ሁሉ ይዞ ነው የሄደው።

መኪናውን ያገኙት መቂ ነው። ሽንኩርት ሲጭን። ሹፌሩ የባለቤቴ የወንድም ልጅ ነው፤ እኔ ቤት ያደገ ልጅ ነው። ለብዙ ጊዜ መንገዱን እየተከታተሉ መዘገቡ። ከመቂ በሞጆ አድርጎ በአሮጌው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ሲመለስ አዳማ ይገባና የባለቤቴ ወንድም ግቢ ያድራል። ባለቤቴ ራሱ መነኸሪያ አካባቢ ከሹፌሩ ብር ሲቀበል ከአንድም ሁለት ጊዜ በፎቶ አለ። ሸጥኩት ያለውን መኪና ገቢ።

ፎቶዎቹን መጀመሪያ ያየሁበትን ሰዓት አልረሳውም። መርማሪው ጠበቃዬ ጠረጴዛ ላይ ደረደሯቸው። እኔ ታርጋውን አላየሁም፤ ሸራውን ነው ያየሁት። አንድ ክረምት ሸራው ጥጉ ላይ ተቀዶ፣ በነጋታው ጭነት ስላለ ሌሊት ቁጭ ብዬ በጆንያ መርፌና በቀይ ሲባጎ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ እጄ ደምቶ ስለነበር ወደ መጨረሻው ሰፋ ሰፋ ይላል። ያ ቀይ ሲባጎ ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «የኔ ነው! ስፌቱ የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ። መርማሪው ዝም ብለው ጠበቁኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ሌላ ፎቶ ከላዩ አኖሩ። ኮድ 3፣ ኦሮ፣ ቁጥሩ ከሊብሬው ኮፒ ጋር አንድ። «ስፌቱ ለአንቺ ማስረጃ ነው። ለዳኛው ግን ይህ ነው» አሉኝ።

ሪፖርታቸው የሚገርም ነው። በሕይወቴ እንዲህ የተጻፈ ነገር አላየሁም። እያንዳንዱ ገጽ ለሁለት ተከፍሏል። በአንደኛው በኩል በዓይናቸው ያዩት፣ ከቀንና ከሰዓት ጋር። በሌላው በኩል ከሰው የሰሙት። ሁለቱ አይቀላቀሉም። ለምሳሌ ባለቤቴ ወለንጪቲ ላይ ቦታ ገዝቶ መሠረት አስወጥቷል የሚል ወሬ ሰምተዋል። ሄደው መሠረቱን አይተዋል፣ ፎቶም አንስተዋል። እኔ ደሜ ፈላ። በቃ የእሱ ነው ብለው ይጻፉልኝ አልኳቸው። አልጻፉም። ባዩት በኩል «መሠረት የወጣለት ቦታ አለ»፣ በሰሙት በኩል «የእገሌ ነው ይባላል»። አለቀ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ ፍንክች አላሉም። «የማን እንደሆነ ካርታው ነው የሚናገረው። ካርታውን ደግሞ ፍርድ ቤት ነው የሚጠይቀው» አሉ። ያን ቀን ተናድጄባቸው ነበር። ችሎት ላይ ግን ያ ሁለት መስመር ምን እንደሚሠራ አየሁ።

የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። እኔ እሰማለሁ፣ ገበያ ላይም አወራለሁ፣ ግን ክርክር አልችልም፤ አስተርጓሚ ተመደበልኝ። መርማሪው በአፋን ኦሮሞ መሰከሩ። የባለቤቴ ጠበቃ የጠየቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ማን ከፈለህ የሚል ነበር። «አመልካቿ ናት የከፈለችኝ። የምናገረው ያየሁትን ነው» አሉ። ሳያፍሩ፣ ሳይደብቁ። ቀጥሎ ስለ ወለንጪቲው ጠየቃቸው፤ የተከራካሪው ንብረት ነው ብለህ ጽፈሃል ሊል ፈልጎ ነበር። እንዲህ አልጻፍኩም፣ ሰማሁ ባልኩት በኩል ነው ያለው አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናው የተናገሩትን ማጣጣል አልተቻለም። ወሬውን እውነት ብለው ጽፈውልኝ ቢሆን ኖሮ እውነተኛውም ምስክርነት አብሮ ይወድቅ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ መጣ። መኪናው አልተሸጠም፤ ስሙ አልዞረም። ያለው ለወንድሙ የተሰጠ ውክልና ብቻ ነው። በጠበቃዬ አቤቱታ የዕግድ ትእዛዝ ወጣ፤ እስከ ውሳኔው ድረስ መኪናው ሊሸጥም ሊለወጥም አይችልም። የልጆቹ ቀለብ ላይ ገቢ የለኝም ሲል የነበረውም ቀረ። መኪናው በሳምንት ምን ያህል እንደሚጭን ሪፖርቱ ላይ ሰፍሮ ሳለ ገቢ የለኝም የሚለው ነገር አያስኬድም። የወለንጪቲው ቦታ ገና ነው፤ ፍርድ ቤቱ የይዞታ ማስረጃውን ጠይቋል፣ መልሱ አልመጣም። የንብረት ክፍፍሉም አላለቀም።

እዚህ ላይ ሕጉን ላስገባ፣ ብዙ ሴት ስለማታውቀው። ሊብሬው ወይም ካርታው በአንድ ሰው ስም ስለሆነ ብቻ ንብረቱ የአንድ ሰው አይሆንም። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። እኛ አዳማ ያለነው የምንዳኘው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ 69/1995 እና በማሻሻያው ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213/1992። ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ያለ እናንተ ስምምነት ተሽጦ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። በ213/1992 መሠረት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚቻለው መኖሩን ባወቃችሁ በ6 ወር፣ ምንም ቢሆን ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ወንድና ሴት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በትዳር ውስጥና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ይላል። መብቱ አለ። የሚቸግረው ንብረቱ የት እንዳለ ማሳየት ነው።

ዋጋውን ልናገር። ለእሳቸው ለአንድ የሥራ ቀን 3,500 ብር፣ ለረዳታቸው 1,500፣ ነዳጅ ለብቻ። ቅድሚያ 15,000 ከፈልኩ፣ የቀረውን በየጊዜው በቴሌብር። ተጠቃሎ 52,000 ብር አካባቢ ወጣብኝ። ለባልትና ሱቅ ይህ ትልቅ ብር ነው። ዕቁቤን ቀድሜ ያወጣሁት ለዚህ ነው፤ ዕጣው የደረሳት ጓደኛዬ ለቀቀችልኝ፣ ውለታዋ አለብኝ። በሌላ በኩል ግን የተፈለገው ሚሊዮኖች የሚያወጣ መኪና ነው። ውድ ነው ወይ ብትሉኝ፣ የሚፈለገው ነገር ትልቅ ከሆነ አይደለም። ለቤት ዕቃና ለወርቅ ግን አይመከርም፤ ለእሱ ጎረቤት ምስክር ይበቃል።

አሁን ቅሬታዎቼ። ስለ ካፌው ነግሬያችኋለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን የረዳታቸው ነገር ነው። ልጁ ገና ነው። አንድ ጋራዥ ገብቶ የባለቤቴን ስም ጠርቶ መኪናው የት እንደሚያድር ጠየቀ። በቀጥታ! ወሬው በማግስቱ ባለቤቴ ጋ ደረሰ። መኪናው ለተወሰነ ጊዜ ከመንገድ ጠፋ። አማቴ ደውላ «ልጄን ሰላይ አቆምሽበት?» ብላ አለቀሰችብኝ። ከእሷ ጋር ጥሩ ነበርን፤ የልጆቼ አያት ናት፤ ያ ለቅሶ አሁንም ያመኛል። መርማሪው ጥፋቱን አልካዱም። መኪናው ተሰውሮ የተፈለገባቸውን ቀናት ሒሳብ በግማሽ ቀነሱልኝ። እኔ ግን ሙሉውን መተው ነበረባቸው ባይ ነኝ። እሳቸውን የቀጠርኩት በልምዳቸው ተማምኜ ነው፤ ለማጅ ልጅ በእኔ ትዳር ላይ መማር የለበትም። ስትዋዋሉ ሥራውን ራሳቸው እንደሚሠሩት፣ ረዳት ካለም ሰው እንደማያናግር ውሉ ላይ አስጽፉ።

ሁለተኛው ቋንቋው ነው። ሪፖርቱን የሰጡኝ በአማርኛ ነው። አፋን ኦሮሞን አቀላጥፈው የሚናገሩና የሚጽፉ ሰው፣ ለየትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ እያወቁ። ለማስተርጎም ሌላ ብርና ሌላ ቀጠሮ ወጣብኝ። ይህ በቀላሉ ሊቀር የሚችል ወጪ ነበር። አዳማ ላይ የምትቀጥሩ ከመጀመሪያው በአፋን ኦሮሞ ይጻፍልኝ በሉ፤ ለራሳችሁ የምታነቡት አማርኛ ኮፒ ከፈለጋችሁ እሱን ጨምሩ።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ቀንና ሰዓት አልነበራቸውም። ጠበቃዬ መለሰቻቸው። ኋላ የመጡት ግን ጥሩ ነበሩ። ደረሰኙም በእጅ የተጻፈ ነው፤ ወጪዬን ለማስመዝገብ ስፈልግ አስቸግሮኛል።

ከዚህ ውጪ በምስጢር አያያዛቸው ቅንጣት አልጎደለብኝም። ሥራው ሲያልቅ የፎቶዎቹን ሚሞሪ ካርድ ለጠበቃዬ አስረከቡ፣ እኔ ዘንድም ኮፒ ቀረ፣ እሳቸው ጋ ያለውን እኛ ፊት አጠፉ። ችሎት ካለቀ በኋላ መንገድ ላይ አግኝቻቸው ነበር። ባላየ አለፉኝ። መጀመሪያ ቅር አለኝ፣ ኋላ ገባኝ።

ለምን ዘመድ አልላክሽም የሚሉኝ አሉ። ልኬ ነበር። የአክስቴ ልጅ ባጃጅ አለው፣ ከተማውን ያውቃል፣ ይወደኛል። ችግሩ እሱ ያየው ነገር ችሎት ላይ የዘመድ ቃል ነው ይባላል። ደግሞ ይናደዳል። ባለቤቴን ባየ ቁጥር ሊደባደብ ይነሳል። አንድ ቀን ተደባድቦ ቢታሰር ማን ነው ተጠያቂው? የማይወደኝ፣ የማይጠላኝ፣ ተከፍሎት የሚያይ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ የነበረው።

ወንዶችም ይህን አገልግሎት እንደሚጠቀሙ ከጠበቃዬ ሰምቻለሁ። ሚስት ሱቅ በእህቷ ስም ስታዞር፣ ብር ሲሸሽ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፣ መርማሪውም ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሠራል ብዬ አምናለሁ። አንድ ነገር ግን ከልቤ እለምናለሁ፤ በጠብና በዱላ ምክንያት ከቤት የወጣች ሴት የት እንደተጠለለች ለማወቅ የሚመጣ ሰው ካለ መርማሪዎች እንዳይቀበሉት። ይህን ለእሳቸውም ጠይቄያቸዋለሁ። «እንዲህ ያለ ሲመጣ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ ነው የምለው» አሉኝ። ይህን መልስ ባልሰማ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ለፈለጋችሁ፦ ስልካቸውን ከእኔ አትጠይቁኝ፣ አልሰጥም። አዳማ ላይ የቤተሰብ ጉዳይ የሚይዙ ጠበቆችን ጠይቁ፤ ያገናኟችኋል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ቤታችሁ ያለውን ወረቀት ሁሉ ሰብስቡ። የሊብሬ ኮፒ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የውል ኮፒ፣ የዕቁብ ደብተር። ዋናው ከሌላችሁ በስልክ የተነሳ ፎቶም ቢሆን ያዙ። ገና አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ኮፒ አድርጋችሁ ከቤት ውጪ፣ የምታምኑት ሰው ጋ አስቀምጡ።